የአርባ ቀኗ ጠበቃ ባል

ትርሲት ዕጣው የደረሳት በሰኔ ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች ሳለች ነው። የቀበሌው መልእክት እንደ ክትባት ማሳሰቢያ አጭር ነበር። «የተከበሩ ነዋሪ፣ የድንበር ማዶ ዘመቻ ቁጥር 318 የባለጉዳይ ጠበቃ ሆነው ተመርጠዋል። ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮት ስድስት ይቅረቡ። መቅረት ያስቀጣል።»

ባሏ ሽመክት የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው። አዳማ ውስጥ ከሠላሳ ፎቅ በላይ የሆነ ሕንጻ ሊፍቱ ሲቆም ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው፤ ይህንንም ለማንም ሰው ከመንገር ወደ ኋላ አይልም። ዜናውን ሲሰማ በሳቅ ፍርስ አለ።

«ለአሸባሪ ጠበቃ! እናቴ በሕይወት ሳለች ከእሷ ጋር ስጣላ እንኳ አንድ ቀን ጠበቃ ሆነሽልኝ አታውቂም።»

«ጥፋተኛው አንተ ስለሆንክ ነዋ» አለችው። እሷም ሳቀች። ያን ቀን ሁለቱም አብረው ስቀዋል።

ነገሩ በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ከዓመታት በፊት መንግሥት ባሕር ማዶ ወታደር ልኮ የሚፈልገውን ሰው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ሲያስገድል፣ ማን ፈቀደ፣ በየትኛው ሕግ የሚል ጥያቄ ምክር ቤቱን ለሁለት ከፍሎት ነበር። አዋጁ የወጣው ያኔ ነው። ፈቃዱን ሚኒስቴሩ ይስጥ ሲባል ሚኒስቴሩ በዚህ እጄን አላስገባም አለ። ወደ ክልል ገፋው፤ ክልሉ ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ወረዳ፣ ወረዳውም እንደለመደው ወደ ቀበሌ። ቀበሌ ከበታቹ የሚገፋበት ስላልነበረው ነገሩ እዚያው ቀረ። ስለዚህ መስኮት አንድ ልደት ነው፤ መስኮት ሁለት ጋብቻ፤ መስኮት ስድስት የድንበር ማዶ ዘመቻ።

ተራ የደረሰው ቀበሌ ሰባት ነዋሪዎችን ይሰበስባል። ሰባቱ ሦስት ነገር ይመረምራሉ። ሰውየው የተቀመጠበት አገር አልይዝም ካለ፣ አደጋው ቅርብ ከሆነ፣ በሕይወት መያዝም ካልተቻለ ማህተም ይመታል፣ ወታደሮቹ ይሄዳሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዘመቻው ሕገወጥ ነው፤ ሰውየውን ለመያዝ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ባለጉዳዩ መጥሪያ ቢላክለት ስለሚሸሽ፣ በእሱ ፈንታ የሚናገር አንድ ዜጋ በዕጣ ይመረጣል። ያ ዜጋ አርባ ቀን ሙሉ ከባለጉዳዩ ጋር ይውላል። ባለጉዳዩን የሚከታተሉት ዝንብ የሚያካክሉ የስለላ ድሮኖች፣ «ዝንቦቹ»፣ ያዩትን ያያል፣ የሰሙትን ይሰማል። ለቤተሰቡ ግን ትንፍሽ አይልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ትርሲት ራስ ምታት ይዟት ትመለስ ነበር። «ሥራ ፈት ሰውዬ» ብላ አጉረመረመች አንድ ቀን፣ ጫማዋን እያወለቀች። ሽመክት ደስ አለው። በሁለተኛው ሳምንት ማጉረምረሙ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ እየበሉ ሳለ ድንገት ብቻዋን ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው አልበቃ ብሏት ትን እስኪላት ሳቀች።

«ምን አሳቀሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ነገር ሰው ያስቃል እንዴ?»

«አዋጁ አይፈቅድም ሽመክት። ተወኝ።»

ሽመክት ተዋት፤ አፉ ነው እንጂ ልቡ አልተዋትም። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያሳቃት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አንድ ጊዜ ከመሰላል ላይ ወድቆ ነበር። ከዚያ ሌላ አልመጣለትም።

በማግስቱ ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዙን እንደወትሮው ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገ። ትርሲት ሸሚዙን አየችው፣ አነሳችው፣ መልሳ ሰጠችው። «ወንድ ልጅ ቁልፉን ራሱ ቢተክል ምን ይሆናል?» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ የምር ጥያቄ ነበር የጠየቀችው። ሽመክት ግን ሌላ ነገር ሰማ። ቁልፉን ራሱ የሚተክል ወንድ የት አይታ ነው? እሱ የሚያውቃቸው ወንዶች ሁሉ ወይ ሚስት አላቸው ወይ ቁልፍ የላቸውም። አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ዓይነ ስውር ሆኖ መርፌ ሲፈልግ እንደሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ይህን ሐሳብ ሲዳብስ ዋለ፤ አንድ ሊፍት ውስጥም አራት ሰው ለሃምሳ ደቂቃ ረሳ።

ከዚያ ስሙ መጣ። በሕጉ መሠረት ሰውየው «ባለጉዳዩ» እንጂ ስም የለውም። ትርሲት ግን እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሽመክት ምግቡን እየተቻኮለ ሲጎርስ እያየች፣ «ኮስታ እኮ ሲበላ...» ብላ ጀመረችና ከንፈሯን ነከሰች።

ኮስታ። ሽመክት ጉርሻውን ወደ ሰሃኑ መለሰ። ስሙን ታውቃለች ብቻ ሳይሆን ሲበላ ታየዋለች፤ አይታም ከባሏ ጋር ታወዳድረዋለች። ሰውየው ባሕር ማዶ ባለች የወደብ ከተማ ተቀምጦ ባቡር የሚያስፈነዱ ሰዎች አለቃ ነበር። ባለፈው ዓመት ስልሳ አንድ መንገደኞች አስገድሏል። እውነቱን ለመናገር ሽመክት በዚያች ሰዓት ስለ ባቡሩ አላሰበም። ሲበላ ምን እንደሚያደርግ ነው ያሰበው። በዝግታ ያኝካል? አፉን ይጠርጋል?

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ትርሲት ምሳ ዕቃዋን ቤት ረስታ ሄደች። ድሮ ረስታ አታውቅም። ሽመክት ይዞላት ሄደ፤ የፈለገው ምሳውን ለማድረስ እንዳልሆነ ራሱም ያውቃል። ትርሲት የዝንቦቹን ምስል የምታይበት የቀበሌው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ያየው ሰው አጭር ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ መላጣ፣ ቦርጫም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የበሶብላ ማሰሮ ውሃ ያጠጣል። ትርሲት አገጯን በእጇ ደግፋ ታየዋለች። ስታየው አትቸኩልም፤ ሌላ የምትሄድበት ያላት አትመስልም።

ሽመክት በመንገዱ ሁሉ ሊገናኘው ተዘጋጅቶ የነበረው ረዥም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጸጉሩ የሚያምር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ይገባው ነበር፤ ተናድዶ፣ ተሳድቦ፣ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ይወጣለት ነበር። ይህ ግን መላጣ ነው። በመልክ ሽመክት በብዙ ይበልጠዋል። ሚስቱ በዚህ ሰው የተያዘችው በመልኩ ካልሆነ በውስጡ ነው፤ ውስጥን ደግሞ ምን ብሎ ይወዳደረዋል? ምሳ ዕቃውን በሩ ሥር አስቀምጦ ሳይጠራት ተመለሰ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ለምስክርነት ተጠራ። ቀበሌ ውስጥ ለማንኛውም ጉዳይ ሦስት ምስክር ይፈለጋል፤ ይህም ከዚያ አላመለጠም። ጠበቃዋ ከአድልዎ ነጻ መሆኗን የሚያውቋት ሦስት ሰዎች በፊርማ ያረጋግጣሉ። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ነበረች። አንዱ የዕድራቸው ሊቀመንበር አቶ ዳምጠው ናቸው። ሁለቱም እንደ አገሩ ልማድ ወረቀቱን ሳያነቡ ፈርመው ሄዱ። የቀበሌ ምስክር የሚፈርመው ሰውየውን አምኖ እንጂ ወረቀቱን አንብቦ አይደለም፤ መስኮት ስድስት ከተከፈተ ጀምሮ ቅጹን እስከ መጨረሻው ያነበበ ምስክር አልነበረም።

ሽመክት አነበበው። ቁጭ ብሎ፣ እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ ሁለት ገጽ ሞላ። ብቻዋን እንደምትስቅ ጻፈ። ስሙን እንደጠራች ጻፈ። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ምሳ ዕቃው፣ አገጯን ደግፋ ስለተመለከተችበት ሁኔታ ጻፈ። አንድም ያልሆነ ነገር አልጨመረም። ጥያቄ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ብቻ እጁ ትንሽ ቆም አለ። «ምስክሩ ጥቅም፣ ጥላቻ ወይም ቅናት አለበት?» ይላል።

«የለብኝም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

አርባ ቀኑ ካለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ጉዳዩ በቀበሌው አዳራሽ ተሰማ። ሰባቱ ነዋሪዎች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የባለጉዳዩ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አዳራሹም መላጣውን እያየ ይጠብቃል። ሽመክት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ትርሲት ተነሳች። «ይህ ሰው ነጻ ይውጣ አልልም» አለች። «ስልሳ አንድ ሰው አስገድሏል። የምለው ይያዝ ነው። ሁልጊዜ ረቡዕ ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ጥርሱን ሊታከም ብቻውን ይወጣል። ጠባቂ የለውም፣ መሣሪያ የለውም። ጠባብ መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ ደግሞ ጸጉሩን ሲስተካከል ምን እንዳለ ሰምቻለሁ፤ 'የመያዣ ትእዛዝ ቢመጣ እይዘው ነበር፣ የጠየቀኝ ግን የለም' ነው ያለው። ስለዚህ አገሩ አልያዘውም አይባልም፤ በሕይወት መያዝ አይቻልምም አይባልም። ከሦስቱ ሁለቱ የሉም። ይህን ሰው ቤቱ ገብቶ መግደል በራሳችን አዋጅ ሕገወጥ ነው። ይምጣና የሟቾቹ ቤተሰቦች ፊት ቆሞ ይመልስ።»

ከሰባቱ ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽመክት ለአፍታ ኮራባት፤ ሚስቴ እኮ ናት ሊል ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ከዚያ «ብቻውን» ስትል ድምጿ እንዴት እንደለሰለሰ ትዝ አለው፤ ኩራቱም እዚያው ላይ ሞተ።

ሰብሳቢዋ የምስክሮቹን ቃል ማንበብ ጀመሩ። የሁለቱ ሁለት መስመር ነበር። የሽመክት ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ትርሲት አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረችም። አንገቷ ብቻ እየቀላ ሄደ። ጠበቃዋ በአድልዎ ምክንያት ተሰረዘች፤ ጠበቃ ሲሰረዝ መቃወሚያውም አብሮ ይሰረዛል። የሚከራከር ስላልነበረ ሰባቱ በሩብ ሰዓት ማህተሙን መቱ።

ቤት ሲደርሱ ትርሲት አልጮኸችም። ሽመክት ጩኸት ቢሆን ይሻለው ነበር።

«የጻፍከው ሁሉ እውነት ነው» አለችው። «ስቄያለሁ። ስሙንም ጠርቻለሁ። አንድን ሰው አርባ ቀን ስታየው ታውቀዋለህ።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ማወቅና መውደድ አንድ ነው እንዴ? እጁን ሲታጠብ ባየሁት ቁጥር ስልሳ አንዱ ሰው ነበር የሚታየኝ። የማውቀው ስለሆነ ነው እዚህ መጥቶ እንዲፈረድበት የፈለግሁት። ጥያቄ ዘጠኝን ለምንድን ነው እንደዚያ የመለስከው?»

ሽመክት ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ስማኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምስክር ቃሉን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ማንሳት ይችላል። ካነሳህ መቃወሚያዬ ይመለሳል። ካላነሳህ ረቡዕን አይጠብቁም፤ ቤቱ ነው የሚሄዱት። ቤቱ ውስጥ እህቱ አለች። ምግብ የምትሠራለት ሴትዮ አለች። ሁልጊዜ ጠዋት ዳማ ሊጫወት የሚመጣ ጎረቤት አለ፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ። እነሱ ምን አደረጉ? ሽመክት፣ በሞቴ ሂድ። እኔ ከተሰረዝኩ ወዲህ ቢሮው አያስገባኝም።»

«እሄዳለሁ» አላት። ሲናገርም ከልቡ ነበር።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ መስኮት ስድስት ተሰለፈ። አዳራሹ አንድ ስለሆነ ስድስቱም ሰልፎች ትከሻ ለትከሻ ናቸው። በመስኮት ሦስት ሰልፍ አቶ ዳምጠው ለዕድሩ ድንኳን ማቆሚያ ፈቃድ ሊያወጡ ቆመዋል። ከኋላቸው የሽመክት ሁለት የሥራ ባልደረቦች አሉ። ጸሐፊዋ ወይዘሪት ፌናን ከመስታወቱ ጀርባ ቀና አለች።

«ምን ነበር ጋሼ?»

«ምስክርነቴን ለማንሳት ነው።»

«ምክንያት?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ስህተት የሚል የለውም ጋሼ። ሦስት ነው ምርጫው። ጥቅም፣ ጥላቻ፣ ቅናት። የትኛውን ልበል?»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ።»

«መስታወቱ ነው፣ ካልጮህኩ አይሰማም። ቅናት ነው?»

የሦስት ሰልፍ ሰው ዞረ። አቶ ዳምጠው እጃቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ሽመክት? ምን ቅናት ነው የምትለው ልጅቷ? በማን ላይ?» አሉና ፊታቸው በራ። «በዚያ መላጣ ላይ?»

ከባልደረቦቹ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ሽመክት ወደ መስታወቱ ዞረ። ቃሉ አንድ ነው፤ ምላሱ ላይ ደርሷል። ከሴትዮዋ፣ ከእህቱ፣ ከማይሰማው ሽማግሌ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጠው ይህ አንድ ቃል ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ግን ይህን ቃል ከተናገረ ከነገ ጀምሮ በዕድሩ፣ በሥራው፣ በሊፍቱ ውስጥ፣ ቦርጫም ሽማግሌ ሚስቱን የነጠቀው ሰው ይሆናል። ኮስታ አይቶት አያውቅም፤ ስሙንም አልሰማም። እንዲህ ሆኖም ያሸንፈዋል።

«ኧረ እኔ!» አለ ጮክ ብሎ። «ቅናት የሚባል ነገር የለብኝም።»

«እንግዲያው ጸንቷል ልበል?»

«ጸንቷል በይው።»

ወይዘሪት ፌናን ማህተሙን መታችና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች። አቶ ዳምጠው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ትርሲት በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ቆይቷል።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ቅናት ነው አልክ? በአፍህ?»

«አልኩ። አቶ ዳምጠው እየሰሙ።»

ትርሲት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሽመክት፣ አንተ!» አለች፤ ደጋግማ ሳመችው። ሥጋ ገዝታ መጥታ ጥብስ ሠራችለት። አጠገቡ ተቀምጣ በእጇ አጎረሰችው። ያን ከሰዓት በኋላ አዋጁን ረስታ ሁሉንም ነገረችው፤ ሰውየው የቤቱን ድመት እንደ ዳኛ ቆጣ ብሎ እንደሚመረምር፣ ድመቷም ጥፋቷን አምና እንደምትተኛ፣ ያን ቀን በምሳ ላይ ያሳቃት ይኸው እንደነበረ። ሽመክት አብሯት ሳቀ። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚህ ያለ ከሰዓት በኋላ አሳልፈው አያውቁም። ፍቅሯን በውሸት እንደወሰደው አልጠፋውም። ከኮስታ ላይ የወሰደው መሰለውና ብዙም አልከበደውም። ደግሞም ወታደሮቹ ሊዘገዩ ይችላሉ፣ ወይ ሰውየው ቤት ላይኖር ይችላል፣ ወይ ሌላ ነገር ይፈጠራል እያለ ራሱን ሲያባብል ዋለ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ትርሲት ወለሉ ላይ የዩኒፎርም ጨርቅ ዘርግታ እየቆረጠች ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነዋሪዎች እንደምን አረፈዳችሁ። የድንበር ማዶ ዘመቻ ቁጥር 318 ዛሬ ማለዳ በሕጉ መሠረት ተፈጽሟል። ባለጉዳዩን ጨምሮ የአራት ሰዎች ሕይወት አልፏል። የጠበቃዋ መቃወሚያ በባለቤቷ ምስክርነት መሰረዙ ይታወሳል። ምስክሩ ትናንት አራት ሰዓት ተኩል ላይ በድጋሚ ተጠይቀው ምንም ዓይነት ቅናት እንደሌለባቸው በሕዝብ ፊት አረጋግጠዋል። ለትብብራቸው እናመሰግናለን። መስኮት ሁለት ዛሬ ዝግ ነው።»

መቀሱ ቆመ። ከታች መንገድ ላይ አንድ ሰው «ጀግና ነህ ሽመክት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አጨበጨበ። ትርሲት ቀና ብላ አየችው። ምንም አልጠየቀችውም። የሚጠየቀውን ማጉያው ጨርሶታል። መቀሱን በቀስታ አስቀመጠችና ፊቷን በሰማያዊው ጨርቅ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ሽመክት አጠገቧ በርከክ አለ። ይቅርታ ሊላት ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ለቅሶው አልቆም አለ። እናቱ ስትሞት እንኳ ትርሲት እንዲህ አላለቀሰችም። አባቷ ሲሞትም እንዲህ አላለቀሰችም። ለእሱስ፣ ነገ ከሠላሳኛ ፎቅ ቢወድቅ፣ እንዲህ ታለቅስለታለች? የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«ትርሲት» አለ። «ከአራቱ ለየትኛው ነው?»